ልጁ ባይሳካም ፋይሌ ይሰጠኝ፦ ለጤና ሚኒስትሯ ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ዶ/ር መቅደስ ዳባ
የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

እርስዎ ራስዎ የማህፀንና የፅንስ ሐኪም ስለሆኑ ብዙ ማብራራት አይጠበቅብኝም። የአይቪኤፍ፣ ማለትም እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተዋህደው ሽሉ ማህፀን ውስጥ የሚገባበት ሕክምና፣ መርፌው ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ። ሽሉ ማህፀን ከገባ በኋላ ያለው ሁለት ሳምንት እንዴት እንደሚያልፍም ታካሚዎችዎ ሳይነግሩዎት አይቀሩም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ ታከምን፤ አልተሳካልንም። የምጽፍልዎ ግን ስላልተሳካ አይደለም።

አለመሳካቱ ያለ ነገር ነው። በዓለም የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 የተወለደችው እንግሊዝ አገር ነው። እዚያ እንኳ ከ35 ዓመት በታች የሆኑ ሴቶች ማህፀን ውስጥ ከሚገባ ሦስት ሽል ልጅ ሆኖ የሚወለደው አንዱ ገደማ ነው። 43 ዓመት ላይ ሲደረስ ከመቶው አምስት አካባቢ ይሆናል። እኔ ይህን አዲስ አበባ ተቀምጬ ያነበብኩት እንግሊዞች በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ ለዚሁ ሥራ ብቻ የቆመ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስላላቸው ነው። የየክሊኒኩን ውጤት ለሕዝብ ያወጣል።

እኔ የታከምኩበት ክሊኒክ ደግሞ ግድግዳው ላይ «ስልሳ በመቶ ስኬት» ብሎ ለጥፏል። የምን ስልሳ በመቶ? የደም ምርመራው ፖዘቲቭ ያለላት ነው ወይስ ልጅ የታቀፈች? መርፌ ከጀመሩት ሁሉ ነው ወይስ ሽል እስከማስገባት ከደረሱት? የ28 ዓመቷና የ41 ዓመቷ አንድ ላይ ተደምረው ነው? ጠየቅሁ። «አጠቃላይ ነው» ተባልኩ። ሥራዬ ኦዲት ነው። ከአንድ ሒሳብ ክፍል «አጠቃላይ ነው» የሚል መልስ ቢመጣልኝ ሪፖርቱ ላይ ምን እንደምጽፍ አውቃለሁ።

ውጤቱን በስልክ ሰማሁ። ኔጌቲቭ ነው፣ መርፌውን አቁሚ። በቃ።

የዚህ ሐዘን ለቅሶ የለውም። ዕድር አያውቀውም፣ ጎረቤትም አይመጣም፤ ለማንም አልተነገረማ። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እሁድ ክርስትና ተጠርተን ሄድን፤ «የእናንተንስ መቼ ነው የምንበላው?» ተባልን። ባለቤቴ እንደ ልማዱ ቀልዶ አለፈው። ቤት ስንገባ ግን ራት አልበላም። ስለ ወንዶቹ የሚጠይቅ የለም፣ ክሊኒኩም ጭምር። ልጅ መውለድ ካቃታቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም ድርሻ እንዳለ ይታወቃል፤ ጥያቄው፣ ሐሜቱና ጸበሉ ግን ለሴቷ ነው። ክሊኒኩ ለአንድም ቀን የሚያነጋግረን የሥነ ልቦና ባለሙያ አልነበረውም። እኔን ደግፈው ያቆሙኝ ወረፋ ስንጠብቅ ስልክ የተለዋወጥናቸው ሴቶች ናቸው። «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አይሉም። «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደሽ?» ነው የሚሉት።

ትንሽ ስረጋጋ ሄጄ የፋይሌን ኮፒ ጠየቅሁ። ጠብ ፈልጌ አልነበረም። ስንት እንቁላል ወጣ? ስንቱ የበሰለ ነበር? ስንቱ ከወንዱ ዘር ጋር ተዋሃደ? ሽሉ በስንተኛው ቀን ገባ፣ ጥራቱስ? የትኛው መድኃኒት በምን መጠን ተሰጠኝ? እንቁላሎቹ ሳይበስሉ ወጥተው ከሆነ ቀጣዩ ሐኪም የመድኃኒቱን አሰጣጥ ይቀይራል። ሳይዋሃዱ ቀርተው ከሆነ ዘሩን በቀጥታ እንቁላሉ ውስጥ በመርፌ ማስገባት ይታሰባል። ሽሉ ጥሩ ሆኖ ካልያዘ ደግሞ ማህፀኑን ማየት ይመጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም ልሂድ ባንኮክ፣ መጀመሪያ የምጠየቀው ይህንኑ ወረቀት ነው። ከሌለኝ ከዜሮ እጀምራለሁ፣ ከነሙሉ ክፍያው።

«ፋይል አይወጣም» አለችኝ እንግዳ ተቀባይዋ። ሐኪሙ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሌላ ቀን ስሄድም ስብሰባ ላይ ነበሩ። አቤቱታዬን ጽፌ ወሰድኩ፤ ተቀብያለሁ ብሎ የሚፈርምልኝ ጠፋ። ከዚያ አንድ ቀን ተደወለልኝ፤ ደስ አለኝ። ለካ «ለሁለተኛው ሙከራ ቅናሽ አለን» ለማለት ነው።

ያወጣነው ደግሞ የዕቁብ ገንዘብ ነው። ከዋናው ክፍያ ውጭ «ሽሉ እንዲይዝ ይረዳል» ተብለን የማህፀኔን የውስጥ ግድግዳ በትንሹ ለማስጫር ለብቻው ከፍለናል። ከ1,300 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት ግን ይህ የመውለድ ዕድልን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ይህን ያነበብኩት ከከፈልኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሊነግረኝ የሚገባው ማን ነበር?

ክብርት ሚኒስትር፣ የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። ማንኛውም የአይቪኤፍ ክሊኒክ እያንዳንዱ ሙከራ ሲያበቃ፣ ተሳካም አልተሳካም፣ የተደረገውን ሁሉ በጽሑፍ ለታካሚዋ እንዲሰጥ ይገደድ። ታካሚዋ መለመን የለባትም። ካልተሳካ ሐኪሙ ባልና ሚስቱን ያለተጨማሪ ክፍያ ቁጭ አድርጎ ያስረዳቸው። የስኬት መቶኛ የሚለጥፍ ክሊኒክ በዕድሜ ለይቶ፣ በተወለደ ልጅ ቆጥሮ ይለጥፍ፤ ካልሆነ ያውርደው። አቤቱታ ያስገባ ሰው ደግሞ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይውጣ። ለታካሚዋ የሚሰጠውን የጽሑፍ ሪፖርት ቅጽ መንግሥት በ2011 ዓ.ም. በከፈተው በቅዱስ ጳውሎስ የአይቪኤፍ ማዕከል መጀመር ይቻላል። የግሎቹ ከዚያ ይቀጥላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ጥንዶች በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የቀዘቀዙ ሽሎች አሏቸው። ያ ክሊኒክ ነገ ቢዘጋ ወይም ቢሸጥ ሽሎቹን የሚረከበው ማን ነው? መብራት በሚቆራረጥበት ከተማስ ሽል የሚያድግበትን ላቦራቶሪ ጄኔሬተር ማን ይፈትሻል? ክሊኒኮቹን ስጠይቅ «አታስቢ» ይሉኛል። መልሱን ከእናንተ ብሰማው እመርጣለሁ።

የክሊኒኩን ስም እዚህ አልጻፍኩም፤ ስልክ የተለዋወጥናቸው ሴቶች ሁሉ ከአንድ ቦታ የታከሙ አይደሉም፣ ታሪካቸው ግን ተመሳሳይ ነው። ለሚኒስቴሩ መዝገብ ቤት በማስገባው አቤቱታ ላይ ግን ስሙም፣ የደረሰኞቼ ኮፒም፣ ስልኬም አለ። የሚመለከተው ክፍል በሥራ ሰዓት ቢጠራኝም ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ታካሚ፣ አዲስ አበባ