ሪባኑ እኔ ጋ ነው

ውድ ልጄ፣

የላክሽልኝን ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። የአባባን ሳጥን ብቻሽን መክፈት እንደከበደሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። አይዞሽ።

"ይቺኛዋን ማንም አላወቃትም" ያልሽኝን ክብ ሜዳሊያ እኔ አውቃታለሁ። ሪባን የሌላትም በእኔ ምክንያት ነው።

ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባባ ጦር ሰፈር ውሎ ሳይመጣ ሳጥኑን ከፈትኩ። አረንጓዴውን ሪባን ከቀለበቱ አወጣሁና የአሻንጉሊቴን ፀጉር አሰርኩበት። ማታ ሲፈልገው ሰማሁ። ፈርቼ ዝም አልኩ። ካደግኩ በኋላ ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ። አባባ ሳልነግረው ሄደ። ሪባኑ ግን አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ በዳዊቴ ገጾች መሃል አለ።

ሰማያዊ ሪባን ገዝተሽ ልታደርጊላት እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። እባክሽ እንዳታደርጊው። ሰው ሪባኑ ጌጥ፣ ዋናው ብረቱ ይመስለዋል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊቷን እይው፤ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማና ከበላዩ ዩ ኤን የሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት። ጀርባዋን ገልብጪው፤ "በሰላም አገልግሎት" የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ። በቃ። የዘማቹ ስም የለም፣ የዘመተበት አገር የለም፣ ዓመት የለም። ድርጅቱ ለሰላም አስከባሪዎች የሚሰጣቸው ሜዳሊያዎች አብዛኞቹ ብረታቸው ይኸው ነው። ሰውየው የት እንደዘመተ የሚናገረው የሪባኑ ቀለም ነው። ያልሆነ ሪባን ካሰርሽባት አባባን ያልሄደበት አገር ላክሽው ማለት ነው።

ከጎኗ ያለችው የኮሪያዋ አላስቸገረችሽም። እሷ የተሠራችው በብዙ ቋንቋ ነው፤ ለእኛ ዘማቾች በአማርኛ ተጽፎባታል። አባባ ከቃኘው ሻለቃ ጋር መዝመቱን ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ሪባኗ 17 ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ 9 ሰማያዊ፣ 8 ነጭ። ስታገኚ ቁጠሪያቸው።

ያልታወቀችው የኮንጎዋ ናት።

ኢትዮጵያ ለተባበሩት መንግሥታት የኮንጎ ዘመቻ ጦር ልካለች፤ ጠቅል ብርጌድ ይባል ነበር። ዘመቻው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1964 ቆየ። ከ1962 እስከ 1963 የመላው የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የእኛው ጄኔራል ከበደ ገብሬ ነበሩ። አባባ ይህንን ሲያወራ ቀና ብሎ ይቀመጥ ነበር። ስለ ራሱ ግን ብዙ አይናገርም።

ኢንተርኔት ላይ የኮንጎዋን በሰማያዊ ሪባን ብታያት አይግረምሽ። መጀመሪያ የተሰጠችው በዚያ ነው። ጫፍና ጫፉ አጠገብ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ሪባን፣ ላዩ ላይ ኮንጎ የሚል ትንሽ የብረት ሰሌዳ። እ.ኤ.አ. በ1963 ለኮንጎ የራሷ ሪባን እንዲኖራት ተወሰነ። መሃሉ ሰፊ አረንጓዴ፣ ከግራና ቀኙ ቀጭን ነጭ፣ ዳርና ዳሩ ሰማያዊ። አረንጓዴው ተስፋን፣ ደግሞም የኮንጎን ተፋሰስ እንዲያመለክት ነው። እኔ ጋ ያለው ይኸኛው ነው።

እንግዲህ ሪባኑ አረንጓዴ ስለሆነ አባባ በ1963 ዘመተ ብለሽ እንዳትጽፊ። ሪባኑ የሚለው ኮንጎ መዝመቱን ነው። መቼ ሄደ፣ ስንት ጊዜ ቆየ የሚለውን ወረቀቶቹ ይንገሩን። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎችና ትእዛዞች ለይተሽ አትጣዪ፤ ቁራጭ ወረቀት እንኳ ብትሆን። የቆየችበትን ቦታ ሳትቀይሪ መጀመሪያ ፎቶ አንሺ።

የእኔ ቃል ብቻ እንዳይሆን አንድ ነገር እይልኝ። ሳሎን የተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ አይደል? ቀለም ባይታይም ደረቱ ላይ ያሉት ሪባኖች ይለያሉ። የኮሪያው ጥቅጥቅ ያለ መስመር ነው። ቀጥሎ ያለው መሃሉ ሰፊና ጠቆር ያለ፣ ከዚያ ነጣ ያለች ቀጭን መስመር፣ ዳሩ ደግሞ ፈዘዝ ያለ መሆን አለበት። እኔ በማስታወስ ነው የጻፍኩት፤ አንቺ በአጉሊ መነጽር እይው። የደንብ ልብሱም ካለ ደረቱ ላይ የተሰፉትን ትንንሽ ሪባኖች አረንጓዴ ፈልጊባቸው። ቅደም ተከተላቸውን እንዳታበላሺ፤ ልብሱም ላውንደሪ አይግባ።

ሜዳሊያዋ ጠቁራለች ብለሽ በብረት ማጽጃ እንዳትወለውያት። ጥቁረቱ የዕድሜዋ ነው። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺላት።

ሪባኑ ትንሽ ለቋል። እጥፋቱ ላይ ቀለበቱ ያረፈበት የዝገት ምልክት አለ፤ እኔ ካወጣሁት ጊዜ ጀምሮ አልጠፋም። በፖስታ አልክም፤ ራሴ ይዤው እመጣለሁ። አብረን እናስገባዋለን። እስከዚያ ቀለበቷን ባዶዋን ተያት።

እናትሽ