እማዬ፣ እስቲ አስታውሺልኝ

እማዬ፣

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ "ደህና ነኝ" ብዬ ዘጋሁት። ስልክ ላይ ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ። መነጽርሽን አድርጊና ቀስ ብለሽ አንብቢው።

የድብርትና የጭንቀት ሕክምና ላይ ነኝ። ኪኒን እወስዳለሁ፣ በየሳምንቱ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋ እሄዳለሁ። አትደንግጪ፣ እየተሻለኝ ነው። ሌላም አለ። ኦቲዝም፣ አእምሮን ከብዙ ሰው በተለየ መንገድ የሚያሠራው አብሮ የሚወለድ ነገር፣ ያለብኝ ይመስለኛል። ይህን ያለኝ ሐኪም አይደለም፣ ራሴ ነኝ።

"ደግሞ ከኢንተርኔት ለቃቅመሽ መጣሽ" ስትዪኝ ከዚህ ይሰማኛል። አዎ፣ ከዚያ ነው የጀመርኩት። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡትን የኦቲዝም መጠይቅ ሞላሁ። 50 ጥያቄ አለው። 32 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ቢመረመር ጥሩ ነው ይባላል። እኔ 38 አመጣሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የሐዘን እስካሁን አልለየሁትም። መጠይቅ ምርመራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጭንቀት ብቻውን፣ የትኩረት ችግርም ብቻውን ነጥቡን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ግን በ34 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ "ግትር" እና "ጭምት" ከሚሉት ሌላ ስም አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ ነው የተሳሳትኩት። ያገኘሁትን ስም ለሁሉም ነገር አለበስኩት። ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ኦቲዝሜ ነው። ጓደኞቼ ሲደውሉ ሳላነሳ ስቀር ኦቲዝሜ ነው። ኦቲዝም ደግሞ አብሮ የተወለደ ስለሆነ ሐኪም ጋ ሄጄ ምን ላደርግ? እንዲህ እያልኩ ስድስት ወር አለፈ።

ያነቃኝ ካርታ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በእርሳስ የምገለብጣቸውን ካርታዎች ታውቂያቸዋለሽ። አንድ ቀን ሳያቸው አቧራ ለብሰዋል። ለሁለት ወር አልነካኋቸውም፣ አልናፈቁኝምም። ኦቲዝም የሚወዱት ነገር ላይ ሙጭጭ ያሰኛል፤ እሱ ቢሆን ካርታ ላይ ያስተክለኛል እንጂ ካርታ አያስጠላኝም! ይሄ ሌላ ነገር ነው አልኩ። ሌላው ነገር ደግሞ ሕክምና አለው።

የመጀመሪያው ሐኪም ጋ የሆነው ያሳቅሻል፣ ወይ ያናድድሻል። 9 ጥያቄ ያለበት የድብርት ቅጽ ሰጠኝ። ያለፉትን 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። "ሌላ ሰው እስኪያስተውለው ድረስ እንቅስቃሴሽ ወይም ንግግርሽ ዘገምተኛ ሆኗል?" ይላል። ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ማን ያስተውለኛል? 0 ብዬ ሞላሁ። "ጋዜጣ ለማንበብ ትኩረት ያጥርሻል?" ድሮም ጋዜጣ አላነብም። 0። ሐኪሙ ደመረና "ቀላል ነው፣ ትንሽ እረፊ" ብሎ ሸኘኝ። በዚያን ሰሞን ፀጉሬን ከታጠብኩ 11 ቀን አልፎኝ ነበር። ያንን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ሁለተኛዋ ሐኪም ሌላ ሰው ናት። ስለ ኦቲዝሙ ጥርጣሬዬን ስነግራት አልሳቀችም፣ "ነሽ" ብላም አላጸደቀችልኝም። ተነስታ ከራሴ በላይ የሚጮኸውን ረጅም አምፖል አጠፋችው። "ምን ይሰማሻል?" ስትለኝ "አላውቅም" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ስሜቴን በስም መጥራት ያቅተኛል። "እሺ፣ ሰውነትሽ ላይ የቱ ጋ ነው?" አለችኝ። እጄ ወዲያው ጉሮሮዬ ላይ ሄደ። ከዚያ ነው ወሬ የጀመርነው። የቅጹን የመጨረሻ ጥያቄ እንኳን፣ ስለ መሞት የሚጠይቀውን፣ እውነቱን ነገርኳት። አሁን እዚያ አይደለሁም እማዬ።

ኪኒኑን በጣም በትንሹ ጀመርን፣ እንደኔ ዓይነት ሰው ላይ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሊበረታ ስለሚችል። ለኦቲዝም ራሱ ኪኒን የለውም፣ ኪኒኑ ለድብርቱና ለጭንቀቱ ነው። ቶሎም አይሠራም። አምስተኛው ሳምንት ላይ እርሳሴን ስቀርጽ ራሴን አገኘሁት።

አንቺ ምን አጠፋሁ ብለሽ እንዳትብሰለሰዪ። ድሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ60ዎቹ፣ ኦቲዝም የእናት ፍቅር ማጣት ነው ተብሎ ስንቷ እናት "ፍሪጅ እናት" ተብላ ተሰድባለች። ውሸት ሆኖ ተገኘ። አብዛኛው በዘር የሚመጣ ነው። (አባዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብሎኖቹን በየመጠናቸው ሳይደረድር ይተኛ ነበር?) ደግሞስ በምን ታውቂው ነበር? እንደኔ አፉን በጊዜው የፈታ ልጅን የሚመለከተው አስፐርገር የሚባለው ስም እንኳ የአሜሪካኖቹ የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በ2013 ነው ሁሉንም ጠቅልለው ኦቲዝም ስፔክትረም ያሉት።

አሁን የምፈልገው ያንቺን ትዝታ ነው። ሐኪሟ ለትክክለኛው ምርመራ ልካኛለች። እዚያ ሕፃን ሆኜ የሚያውቀኝን ሰው ማነጋገር ይፈልጋሉ። በጣት እየጠቆምኩ አሳይ ነበር ወይ? ስሜን ሲጠሩኝ እዞር ነበር ወይ? መቼ አፌን ፈታሁ? እባክሽ "ልጄ ምንም አልነበረባትም" አትበያቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የምትዪው አንቺ ራስሽ ነሽ። ምንም ያልነበረብኝ ከሆነም የሆነውን እንዳለ ንገሪያቸው።

እኔ የማስታውሰው አንዱን ነው። ከአዲስ ልብስ ኮሌታ ላይ ምልክቱን በምላጭ ትቆርጪልኝና "አሁንም ይወጋኛል" እልሽ ነበር። መስኮት ሥር ተቀምጠሽ የቀረችውን ክር አንድ በአንድ ትነቅያታለሽ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ያንንም ንገሪያቸው።

እሁድ እደውላለሁ። "ደህና ነኝ" ብዬ ልዘጋው ስል አትልቀቂኝ። በቁልፎቹ ጀምሪልኝ፣ በቆርቆሮ ታስቀምጫቸው በነበሩት የልብስ ቁልፎች። በቀለም ነበር የምደረድራቸው ወይስ በቀዳዳቸው ብዛት?

ልጅሽ