ስካፎልዲንግ ላይ ሲጋራ? (ደብዳቤ ለልጄ)

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርድ ሲመጣ ያስቸግራታል።

በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። የአክስትሽ ልጅ ፓሪስ ደርሶ ሲመለስ፣ «ስካፎልዲንግ ላይ ቆማ ስታጨስ አየኋት» አለኝ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ማጨሱን ስትመጪ እንነጋገርበታለን። ግን ቤት የምታድሺበት ሥራ ቦታ፣ መወጣጫው ላይ፣ ያውም የጥንት ቤት ጣሪያ ሥር? እንዳትለኩሺ።

የላክሽልኝ ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ፖን ደ ሱሊ ድልድይ ላይ ቆመሽ፣ ከኋላሽ ወደ ሴን ወንዝ ክብ ሆኖ የወጣው ግንብ ይታያል። «አባዬ፣ ኦቴል ላምቤር ይሄ ነው» ብለሻል። ስሙ ኦቴል ይሁን እንጂ የጥንት ባለጸጋ መኖሪያ ቤት ነው። ዕድሜ ልኩን ፕላን ሲስል የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ አያልፍም፤ ስፈልግ ስፈልግ አነጋሁ። አርክቴክቱ ሉዊ ለ ቮ በ1640 አካባቢ ሲጀምረው ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በዚያ ዘመን የባለጸጋ ቤት ግቢው ከፊት፣ አትክልቱ ከኋላ ነው። እሱ ግን ቦታው የደሴት ጫፍ መሆኑን አየና አትክልቱን ወደ ጎን አዞረው። ረጅሙን አዳራሽ በዚያው አቅጣጫ ሰደደና ጫፉን ክብ አድርጎ ለወንዙ ከፈተው። እጁ ይባረክ! በኋላ የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቬርሳይ ላይም ሠርቷል። ያሠራው ዣን ባቲስት ላምቤር ግን ሳይጠግበው በ1644 ሞተ። ወንድሙ ኒኮላ አስጨረሰው።

ውስጡን ሠዓሊዎቹ ለ ብሩን እና ለ ሱየር ሳሉት። የለ ሱየርን ሥዕሎች አብዛኞቹን በ1776 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ገዝቶ ወሰዳቸው፤ ዛሬ ሉቭር ሙዚየም አሉ። የመታጠቢያ ክፍሉ ሥዕል እዚያው ቀረ። ሐምሌ 2013 በፈረንጅ፣ ቤቱ እየታደሰ ሳለ ሌሊት ከጣሪያው እሳት ተነሳ። ያ ክፍል ጠፋ። የለ ብሩንን ጣሪያ ደግሞ ጭሱና ውኃው ጎዳው። ይህን ሳነብላት እናትሽ «እንኳን ሄደች» አለች። ስለ ሥዕሉ ይሁን ስላንቺ አልጠየቅኋትም።

የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራልም በ2019 የተቃጠለው በእድሳት ላይ እያለ ነው። ሰምተሻል? እንዳትለኩሺ።

ኦቴል ላምቤርን በ2007 የገዙት የኳታር ልዑል ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ሊያስቆፍሩ አስበው ነበር። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ፍርድ ቤት ሄዱና ሥራው ታገደ፤ በ2010 በስምምነት ተቋጨ። ሕጉ ልዑሉን አስቆመ፣ እሳቱን ግን አላስቆመም።

የአያትሽ የፒያሳ ቤት ትዝ ይልሻል አይደል? ያ የእንጨት ሰገነት፣ ጠርዙ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለው። ሕፃን ሆነሽ ጣትሽን ቀዳዳው ውስጥ አስገብተሽ አልወጣ ብሎሽ፣ አያትሽ በቅቤ ነው ያላቀቁሽ። የፈረሰ ዕለት ስደርስ ጣውላው ለማገዶ ተጭኖ ሄዷል። የሰው ቤት ፕላን ስስል ኖሬ፣ የዚያ ቤት አንድ ንድፍ እንኳ እጄ ላይ የለም። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው እሞክራለሁ፤ የደረጃው መዞሪያ ላይ ስደርስ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ይጠፋብኛል። እናትሽ ግራ ትላለች። አጎትሽ ቀኝ ይላል።

ስለዚህ አንድ ጣውላ ከመንቀልሽ በፊት ለኪ፣ ፎቶ አንሺ፣ ቁጥር ጻፊበት። አለቃሽ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ አለ፤ እጅሽን ሳትታጠቢ ምሳ እንዳትበዪ። የሥራ ልብስሽን ከሌላው ልብስ ለይተሽ እጠቢ። ሲጋራውንም እንዳትለኩሺ ብያለሁ።

በርበሬና ሽሮ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ሽሮው እንዳይነቅዝ ፍሪጅ አስገቢው። የመኖሪያ ፈቃድሽ የሚያልቀው መቼ ነው? ቀኑን ጻፊልኝ።

አባትሽ