ቅዳሜ ስለ ወንድ ልጅ እንባ እንወያያለን

ውድ የፊልም ቡድናችን አባላት፣

የዚህ ቅዳሜ መወያያችን «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው አባባል ነው። ባለፈው ፊልም መጨረሻ መብራቱ ሲበራ ስንቱ ወንድ ጫማውን ለማሰር አጎንብሶ እንደነበር አይተናል (ማሰሪያ የሌለው ጫማ ያደረገም ነበር)። መንዝም ሆነ ተጉለት፣ ለቅሶ ላይ ጎልማሳው እየፎከረ በአደባባይ ያነባል፤ ወንድነቱን የሚጠረጥር የለም። ታዲያ ፊልም ፊት ማንባት ምኑ ያሳፍራል? እኔ አያሳፍርም ባይ ነኝ፤ የሚቃወም ይምጣና ይሟገተኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ 9፣ ቦታው ደብረ ብርሃን፣ የተለመደው አዳራሽ ነው። ያስለቀሳችሁን አንድ ትዕይንት አስባችሁ ኑ፤ አባቶቻችሁንም ጋብዙ። ብርዱን ታውቁታላችሁና ጋቢ አትርሱ።

ወንበር እንድናዘጋጅ፣ የምትመጡ ከስንት ሰው ጋር እንደሆነ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን።