ከአቤኔዘር ቤት የተላከ ምስጋና

የተወደዳችሁ ዘመዶቻችን፣ ጎረቤቶቻችን፣ የቤት ኅብረታችን ወገኖች፣

ባለፈው እሁድ ልጃችንን በቤተ ክርስቲያን ለጌታ አቀረብነው። ፓስተሩ ማይኩን ሲሰጠኝ ብዙ ልናገር አስቤ ነበር። እንባ ቀደመኝና "ተባረኩ" ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ማይኩን ለባለቤቴ አላቀበልኩትም፤ እሱ አንዴ ከያዘ ምሳ ሰዓት ያልፋል። ስለዚህ የዚያን ቀን ያልወጣልኝን አሁን ልጻፈው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ግማሽ ግማሹን ታውቁታላችሁ። የወለድኩት በ29ኛው ሳምንት ነው። ደም ግፊቴ በድንገት ወጣ። ለልጁ ሳንባ ተብሎ መርፌ ተወጋሁ፤ ከዚያ በኦፕራሲዮን ወጣ። 1,180 ግራም። አንድ ኪሎ ስኳር በእጃችሁ ይዛችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከእሱ ትንሽ ከፍ ይላል። ጭንቅላቱ ብርቱካን ያህላል። እኔ በቅጡ ሳላየው ማሞቂያ ክፍል አስገቡት፤ እዚያም 54 ቀን ቆየ።

ሆስፒታል ስገባ ቦርሳዬ ውስጥ የቤት ወጪ የምጽፍበት ደብተር ነበረ። የመጨረሻው መስመር "ሽንኩርት 2 ኪሎ፣ ዘይት፣ የመብራት ካርድ" ይላል። ከሥሩ "1,180" ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደጻፍኩት እንጃ። እጄ የለመደው ቁጥር መጻፍ ስለሆነ ይሆናል። በማግስቱ 1,150። በአምስተኛው ቀን 1,040። እንደዚህ የተወለዱ ልጆች መጀመሪያ ላይ መቀነሳቸው ያለ ነው ብለው ነርሶቹ ነግረውኛል። ቢነግሩኝም ሚዛኑን ባየሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር። የተወለደበትን ክብደት መልሶ ያገኘው በ16ኛው ቀን ነው። ከቁጥሩ ጎን "ጌታ ሆይ ተመስገን" ይላል፤ ጽሑፉ ለእኔም በደንብ አይነበብም።

ቀስ እያለ ከቁጥሮቹ ጎን እናንተ መግባት ጀመራችሁ። "የአጃ አጥሚት፣ አረንጓዴ ፔርሙስ።" "ባለ ሱቁ የራይድ ከፈለልን፣ አልቀበልም አለ።" "በቴሌብር 2,000፤ 'ለአራስ' ይላል።" "የላይኛው ፎቅ ሀጃ ተምርና አብሽ ላኩ፤ ዱዓ ላይ ነን ብለዋል።" "ታች ያሉት እትዬ ለማርያም ሻማ አብርተዋል።" እኔ ጴንጤ መሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲባል ምን ብዬ እንደምመልስ ድሮ ይጨንቀኝ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን እትዬ በር ላይ ቆመው ሲሉኝ አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። የቤት ኅብረታችን ልጆች ደግሞ በተራ ይጾሙ እንደነበር የሰማሁት ከወጣሁ በኋላ ነው። የቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ የኔ ልጅ ግራም በየማታው ይለጠፍ ነበር አሉ፤ እንደ ኳስ ውጤት።

ለነርሶቹ ምን ልበል? በየሁለት ሰዓቱ 2 ሚሊ ሊትር ወተት፣ በሲሪንጅ፣ በቱቦ። ሁለት ሚሊ ማለት የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳን አይሞላም። እኔ ያንን ለማለብ ግማሽ ሰዓት እታገላለሁ፤ ሲስተር ግን ወርቅ እንደያዘች ነበር የምትቀበለኝ። እንዲህ ያሉ ሕፃናት አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። እውነቴን ነው፣ ይረሳሉ። ያኔ ነርሷ መጥታ የውስጥ እግሩን በጣቷ ነካ ነካ ታደርገዋለች፤ ደንገጥ ይልና ይተነፍሳል። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ የነበሩት ደቂቃዎች ስንት እንደሆኑ አልቆጠርኩም። ሁለት ነርሶች የስልክ መብራት በጥርሳቸው ይዘው ከአንዱ ሕፃን ወደ አንዱ ሲሮጡ፣ ትንፋሽ ላጠረው በእጃቸው አየር ሲጫኑለት አይቻለሁ። ደብተሩ ላይ ለዚያ ቀን ግራም የለም። "መብራት ጠፋ። ሁሉም ልጆች አደሩ" ይላል።

ከዚያ ካንጋሮ የሚሉት መጣ። ልጁን ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጎ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ቆዳ ለቆዳ፣ በነጠላ ማሰር ነው። ዘዴው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ነው፤ ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ማሞቂያ ቢያጥራቸው የእናቶቹን ገላ ማሞቂያ አደረጉት። ችግር የወለደው ነገር መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የኛ አገር ነገር መሰለኝ። አባትም ይችላል ሲባል ባለቤቴ መጀመሪያ አፈረ። በዚያ ሁሉ እናት መሃል ሸሚዝ ማውለቅ ለእሱ ቀላል አይደለም። በሦስተኛው ቀን ግን ከወንበሩ የሚያስነሳው ጠፋ። ድምፁ ለመዝሙር የተሠራ አይደለም፤ ልጁ ግን ሲሰማው የልብ ምቱ ይረጋጋ ነበር። ሞኒተሩ ላይ ያየሁት ነው።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ከጎኔ በሪፈር ከገጠር የመጣች አንዲት እናት ነበረች። ልጇ ከኔ ልጅ ይከብድ ነበር። ወተትም ከኔ በላይ ነበራት፤ ነርሶቹ በእሷ ይቀኑልኝ ነበር። በ22ኛው ቀን ጠዋት ስገባ አልጋው ባዶ ነው። ኢንፌክሽን ነው አሉ። እሷ ዕቃዋን ስትሰበስብ ለልጇ የሠራችውን ቢጫ ኮፍያ እጄ ላይ አደረገችው። "ይበልጠዋል፣ ግን ያድግበታል" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም "ጌታ ያጽናሽ" ከማለት ሌላ አፌ ላይ የመጣ የለም። ያን ቀን ደብተሩን "ጌታ ታማኝ ነው" ብዬ ልጽፍበት ከፈትኩትና ዘጋሁት። እሷ እያየችኝ የማልለውን ነገር መጻፍ አፈርኩ። የጻፍኩት "ቢጫ ኮፍያ" ብቻ ነው። ስልኳን አልወሰድኩም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የልጁን ስም ያወጣው ባለቤቴ ነው። እኔ ተቃውሜ ነበር። በኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ "አቤኔዘር!" ብላችሁ ብትጣሩ አምስት ልጅ ዞር ይላል። እሱ ግን 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 7ን አነበበልኝ። ሳሙኤል ድንጋይ አንሥቶ በምጽጳና በሼን መካከል አቆመ፤ ስሙንም አቤንኤዘር፣ የእርዳታ ድንጋይ፣ ብሎ ጠራው፤ "እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል" አለ። "እስከ አሁን" የሚለው ቃል ያዘኝ። ስለ ነገ ምንም አላለም። ልጁ ያኔ 1,300 ግራም ነበር፤ ስለ ነገ የሚያወራኝን ሰው መስማት አልችልም ነበር። "አይዞሽ፣ ጌታ አሳይቶኛል፣ ይድናል" የምትሉኝን ሁሉ ስሸሻችሁ ነው የሰነበትኩት፤ ይቅር በሉኝ። ለ"እስከ አሁን" ግን ደብተሩ ነበረኝ።

በኋላ ራሴ ገጹን ወደ ኋላ ስገልጥ ምዕራፍ 4 ላይ ያው ስም አለ። እስራኤላውያን በአቤንኤዘር አጠገብ ሰፍረው ነው የተሸነፉት። ታቦቱ የተማረከው፣ ሠላሳ ሺህ እግረኛ የወደቀው ያኔ ነው። ስብከት ላይ ሰምቼው አላውቅም፤ ወይ ተኝቼ ይሆናል። የእርዳታው ስም አስቀድሞ የለቅሶ ቦታ ስም ነበር። ቢጫው ኮፍያ ትዝ አለኝና መጽሐፉን ይዤ ቆየሁ። መልስ አገኘሁ አልላችሁም። ስሙን ግን ከዚያ በኋላ ተቀበልኩት።

በ54ኛው ቀን በ1,920 ግራም ቤታችን ገባ። እኔም ቶሎ ብዬ ረሳሁ። በሦስተኛው ወር ይመስለኛል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልጁ እሪ ይላል። ባለቤቴ ያንኮራፋል። "ምን ዓይነት ልጅ ነው የተሰጠኝ!" ብዬ ተነጫነጭኩ። ዳይፐር ፍለጋ መሳቢያውን ስከፍት ደብተሩ ወጣ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ተከፈተ፤ "ዛሬም አላለቀሰም። ጌታ ሆይ፣ ድምፁን አንዴ ብቻ አሰማኝ" ይላል። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ እሪታውን ቀጠለ፣ እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ። በመዝሙር 103 "ምስጋናውንም ሁሉ አትርሺ" የሚለው ለነፍስ የተነገረ ነው፤ በአማርኛችን ግን እኔን ስሜን ጠርቶ የተቆጣኝ መሰለኝ። ከዚያን ለት ጀምሮ ደብተሩ መሳቢያ አይገባም። ሽንኩርቱም፣ የልጁ ሳልም፣ የተመለሰው ጸሎትም፣ ያልተመለሰውም አንድ ላይ ይጻፍበታል።

አቤኔዘር ዛሬ 7 ወሩ ነው። ለዓይኑ ምርመራ ሄደን ደህና ነው ተብለናል። ቢጫው ኮፍያ ልኩ ሆኗል።

ለሁላችሁም፣ ለሐኪሞቹና ለነርሶቹ፣ ደም ለሰጣችሁኝ ሁለት ወንድሞች፣ ለፓስተራችን፣ ጫማዬን ጠርጎ ለሚጠብቀኝ የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር፣ ጌታ ብድራችሁን ይክፈል። በደብተሩ መሠረት እኛ ቤት የቀሩት ዕቃዎች አራት ፔርሙስ፣ ስድስት ምሳ ዕቃ፣ አንድ ትልቅ ድስት ከነክዳኑና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጋቢ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ ኑና ውሰዱ። በሩን ግን ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ፣ ተኝቶ ይሆናል።