«አመል አወጣ» ከማለት በፊት ጀርባውን መዳሰስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ፈረስ ጤና ሲወራ ሰኮናና ጥርስ ይቀድማሉ፤ ጀርባ የሚነሳው ፈረሱ ገጣባ ሲሆን ነው። ቆዳው ካልተላጠ ደህና ነው ተብሎ ይታለፋል። አብዛኛው የጀርባ ሕመም ግን ከቆዳው በታች፣ ጡንቻውና አከርካሪው ላይ ስለሆነ ቁስል ላይኖረው ይችላል። ፈረሱ ጠባዩ ሲለወጥ «አመል አወጣ» ይባልና አለንጋ ይጨመርበታል። ስለዚህ የሚከተለው ለአንባቢ እንዲደርስ ቦታ ስጡን።

ኮርቻ ሲቀርብ ጆሮውን ወደ ኋላ የሚለጥፍ፣ የሆዱ ጠፍር ሲጠብቅ ለመንከስ የሚዞር፣ ሰው ሲወጣበት ጀርባውን ዝቅ የሚያደርግ ፈረስ ትናንት እንዲህ ካልነበረ አንድ ነገር አግኝቶታል። ሲጋለብ ጅራቱን ሳያቋርጥ ያወናጭፋል፤ ከሶምሶማ ወደ ፈጣኑ ሩጫ፣ ወደ ደንገላሳ፣ አልሻገርም ይላል፤ ወደ አንድ ጎን መዞር ይከብደዋል። የኋላ እግሩን ለሰኮና ጠራቢ አንስቶ ማቆየት ያቅተዋል፤ መሬት ላይ መንከባለልም ሊተው ይችላል። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ጠፍር ሲጠብቅ መናከስ ከጨጓራ ቁስለትም ይመጣል፤ ጭንቅላትን መወርወር የጥርስ ችግር ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ጀርባውን መዳሰስ ነው።

ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ በአራቱም እግሩ እኩል አቁሙት። አንዱን የኋላ እግር ካሳረፈ የግራና የቀኝ ጡንቻው እኩል ስለማይወጠር ያሳስታችኋል። የፈረሱን ራስ ሌላ ሰው ይያዝ፤ እናንተ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ቁሙ። ጋማው ከሚያልቅበት የትከሻ ጉብታ ጀምራችሁ፣ ከአከርካሪው መስመር አራት ጣት ያህል ወረድ ብላችሁ፣ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በዝግታ እስከ ዳሌው ድረስ ውሰዱት። በዚህኛው ዙር የምትፈልጉት ትኩሳትና እብጠት ብቻ ነው። በሁለተኛው ዙር በጣቶቻችሁ ሆድ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቃችሁ፣ በየስንዝሩ ተጫኑ። ጥፍር ወይም እስክሪብቶ አይነካካው፤ በሹል ነገር የተወጋ ጤነኛ ፈረስም ጀርባውን ዝቅ ያደርጋል።

ያስደነገጠው ቦታ ከተገኘ እዚያው ላይ ሦስት ጊዜ ድገሙት። ጤነኛው በመጀመሪያው ቢነዝረውም በሦስተኛው ይለምደዋል፤ የሚያመው ግን በተነካ ቁጥር ይብስበታል። የሚሸወዱበት አንድ ነገር አለ፦ ሁሉም አይሸሽም። አንዳንዱ ትንፋሹን ይዞ፣ ጡንቻውን እንደ ጣውላ ገትሮ ጸጥ ይላል፤ ያንን ጸጥታ «አላመመውም» ብሎ የሚተረጉም ብዙ ነው። ስለዚህ ራሱን የያዘው ሰው ዓይኑንና አፍንጫውን ይመልከት፤ ድርቆሽ እያኘከ ከነበረ ማኘኩን ያቆመበትን ቅጽበት ይናገር።

ኮርቻው ከተነሳ በኋላ ላቡም ይነበባል። ግራና ቀኙ እኩል ረጥቦ አከርካሪው ላይ ደረቅ መስመር ቢቀር ደግ ነው። በላቡ መሐል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ከታየች ግን ወይ ኮርቻው እዚያ ላይ አይነካም፣ ወይ ከመጠን በላይ ስለተጫነ ላብ አመንጪው ዕጢ ታፍኗል። ጸጉሩ ተላሽቆ ወይም ተበጣጥሶ፣ ሲነካም ካመመው ሁለተኛው ነው። ነጭ ጸጉር የቀድሞ ጉዳት ምልክት ነው፤ ዛሬ ላያም ይችላል።

ፈረስ ጎድን የሚይዙ 18 አከርካሪዎች አሉት፤ ከእነሱ ኋላ አብዛኛውን ጊዜ 6 የወገብ አከርካሪዎች ይከተላሉ። ኮርቻው የመጨረሻውን ጎድን ማለፍ የለበትም፤ ወገቡ ከሥሩ ጎድን የሚደግፈው የለም። ጋላቢው ተቀምጦበት በትከሻው ጉብታና በኮርቻው መካከል ሁለት ሦስት ጣት መግባት አለበት፤ ከኮርቻው ሥር፣ አከርካሪው ላይ ያለው ክፍተትም ከፊት እስከ ኋላ ሦስት አራት ጣት ስፋት ይኑረው። ለጠበበ ኮርቻ ወፍራም ምንጣፍ መጨመር ይበልጥ ያጠበዋል፤ በጣም የተለመደው ስሕተት ይሄ ነው። ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ አይለፍ፤ 400 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ 80 ኪሎ መሆኑ ነው።

ኮርቻው ተስተካክሎም ሕመሙ ከቀጠለ የኋላ እግሮቹ ይታዩ። የሚያነክስ ፈረስ ክብደቱን ሲያሸሽ ጀርባውን ይጎዳል፤ ጀርባውን ብቻ ማሸት ሕመሙን አያስወግደውም። ከአከርካሪዎቹ ወደ ላይ የወጡት አጥንቶች እርስ በርስ ሲነካኩም ያማል፤ ይህ በብዛት የሚደርሰው ከ13ኛው እስከ 18ኛው ባለው፣ ኮርቻው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ይህን የሚያሳየው ራጅ ነው፤ ቢሆንም ራጁ ላይ ተነካክተው ምንም የማያማቸው ፈረሶች ስላሉ ሐኪሙ ፈረሱን ሲሄድና ሲሶመሶም ማየት አለበት።

የኋላ እግሩ የሚንገዳገድ፣ ጅራቱ የተልፈሰፈሰ ወይም መሽናት ያቃተው ፈረስ ሐኪም በዕለቱ ይየው። ከሥራ በኋላ የወገቡና የዳሌው ጡንቻ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ላብ አጥምቆት፣ ሽንቱ ቡና ከመሰለ ጡንቻው እየተጎዳ ነውና ካለበት አታንቀሳቅሱት። ሐኪሙ ሳያየው የሕመም ማስታገሻ አትስጡት፤ ምልክቱን ይሸፍነዋል። ከተሰጠው ደግሞ ምን፣ ስንትና መቼ እንደተሰጠው ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።

ከአክብሮት ጋር