እናት የምትጾምበት ደጅ

ቲሩቺራፓሊ፣ ደቡብ ህንድ
መጋቢት

እህት ዓለም፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ «እንዴት ነሽ» ስልሽ አፍራለሁ። የእማማን ማረፍ የሰማሁት ከአርባቸው በኋላ ነበር። ስልኩን አነሳና ምን ብዬ ልጀምር እያልኩ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ስል ቀኑ ሄደ። ይቅር በይኝ።

ባለፈው እሑድ አከራዬ «ነይ፣ አማን ዘንድ እንሂድ» ብላ ሳማያፑራም ወሰደችኝ። ከከተማው በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የካቬሪንና የኮሊዳምን ወንዞች ተሻግረሽ ትደርሻለሽ። ማሪያማን የሚሏት የሂንዱዎች እንስት አምላክ መቅደስ ያለው እዚያ ነው። በታሚል «ማሪ» ዝናብ ነው፣ «አማን» እናት። ዝናቡን የምትሰጠው፣ ፈንጣጣን የምታመጣውም የምትመልሰውም እሷ ናት ይላሉ። በሽታውን ራሱን «አማይ» ብለው ይጠሩታል። ሰው ሲታመም «እናት መጣች» ይሉና ደጃፉ ላይ የኒም ቅጠል ይሰቅላሉ።

ሃይማኖቴ ሌላ ነውና ወደ ውስጥ አልዘለቅኩም፤ ግቢው ውስጥ ተቀመጥኩ። ቢጫ ሳሪ የለበሱ ሴቶች አበባ በቅርጫት ተሸክመው ይጎርፋሉ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት የሩዝ ዱቄት ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር ጋር ለወሱ። ሊጡን አድቦልቡለው መካከሉን በአውራ ጣታቸው አጎደጎዱት፤ የተነጠረ ቅቤ ጠብ አድርገው፣ ክር ነክረው ለኮሱት። ሊጡ ኩራዝ ሆነ። ነበልባሉን በመዳፋቸው ከነፋስ ከልለው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ከጉያቸው አንዲት ስስ ቆርቆሮ አወጡ፤ የዓይን ቅርጽ ያላት። ስለት ነው። እጁ የታመመ እጅ፣ እግሩ የታመመ እግር ያስገባል። የማን ዓይን እንደሆነ ለመጠየቅ አፌ አልታዘዘልኝም።

አከራዬ ከውስጥ ስትመለስ የነገረችኝ ነው ብዕር ያስነሳኝ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ 28 ቀን ጾም ነው፤ ጿሚዋ ግን አማን ራሷ ናት። ሌላው ጊዜ ሰው ለእሷ ይጾማል፤ ያን ሰሞን እሷ ለሰው ትጾማለች፣ ለልጆቿ ጤና። የበሰለ ምግብ አይቀርብላትም፤ የለጋ ኮኮናት ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ የቀጠነ አሬራ ብቻ።

እኔም ሁዳዴን ይዤ ነበርና ይህን ስሰማ እንባዬ ቀደመኝ። ታይፎይድ ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ፣ ጾም ባልሆነበት ወር፣ እኔ እስክነሳ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የዋሉት እማማ አይደሉ? አንቺ ነሽ በኋላ የነገርሽኝ፤ እሳቸውማ አንድ ቀን እንኳ አላነሱትም። ጉንጫቸው ላይ የነበረው የፈንጣጣ ጠባሳ ሳይቀር ፊቴ መጣ። በፈረንጅ አቆጣጠር ህንድ የመጨረሻውን በሽተኛ ያየችው በ1975 ነው፣ የኛ አገር በ1976። በሽታው ከምድር ጠፋ፤ ሰዉ ግን ደጇን አልተወም። ዛሬም ልጅ ሲያተኩሰው ይዘውት ይመጣሉ።

እሳቸው ጾመውልኝ እኔ ለልቅሷቸው እንኳ አልደረስኩም። ይህን ለሌላ ሰው መናገር አልችልም።

ሐምሌ ላይ እመጣለሁ። ከሁሉ በፊት መቃብራቸው ጋ ውሰጂኝ። እስከዚያ ጻፊልኝ፤ ተቆጥተሽም ቢሆን ጻፊ።

ያንቺው እህት